ሰው ለሙዚቃ ዋጋ ይከፍላልን? ከናፕስተር እስከ ወርኃዊ ክፍያ የነበረው ታሪክ

መግቢያ

የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰው አንድን ነገር ያለ ዋጋ ሊያገኘው በሚችልበት ጊዜ ዋጋ ከፍሎ ይገዛዋልን? እህል ወይም ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ ጥያቄ አይጨነቅም፤ ዕቃውን ለአንዱ ከሰጠው ለሌላው አይተርፍምና። ወደ ዲጂታል ፋይል የተለወጠ ዘፈን፥ መጽሐፍ ወይም ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ለሌላው ሲሰጥ ከሰጪው አይጐድልም፤ ቅጂውም ከመጀመሪያው አያንስም። ስለዚህ በኢንተርኔት ዘመን የደራሲና የሙዚቀኛ እንጀራ በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ጕዳይ ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን፥ በነጻ የሚገኝ ነገር እያለ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቅጣት ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ዕውቀትና ጥበብ እንደ አየር የሁሉ ስለ ሆኑ ዋጋ መጠየቁ ራሱ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው ይላል። እኛ በሁለቱም አልረካንም። ሁለቱም የሰውን ጠባይ አስቀድመው ከወሰኑ በኋላ ወደ ታሪኩ የሚመለሱ ይመስሉናልና። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ እኛ ከታሪኩ እንጀምራለን። ዋናው ምሳሌያችን ሙዚቃ ነው፤ በዚህ ዘመን መጻሕፍትና ፊልሞች በኋላ የደረሰባቸውን ፈተና አስቀድሞ የቀመሰው እርሱ ነውና። ዘመናቱ፥ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ከኢንተርኔት በፊት የነበረው ጠብ

ያለ ፈቃድ የሰውን ድርሰት አባዝቶ መሸጥ የኢንተርኔት ልጅ አይደለም። እንግሊዞች ይህን የሚያደርገውን አሳታሚ «የባሕር ወንበዴ» ብለው መጥራት የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1710 በንግሥት አን ዘመን የወጣው ሕግ ለደራሲው የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ቢገኝ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለት ነበር። አሜሪካም በ1790 የራሷን ሕግ አወጣች፤ ነገር ግን መብቱ ለዜጎቿና በአገሯ ለሚኖሩ ብቻ የተሰጠ ነበር። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ አሳታሚዎች የእንግሊዝን መጻሕፍት ለደራሲዎቹ ምንም ሳይከፍሉ በርካሽ ያትሙ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 አሜሪካን ሲጐበኝ ይህ ነገር እንዲታረም በአደባባይ ቢናገር፥ ብዙ ጋዜጦች ገንዘብ ወዳድ ብለው ዘለፉት። ሕጉም የተሻሻለው ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በ1891 ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሕግ ሳያስገድዳቸው ለእንግሊዝ ደራሲዎች ገንዘብ የላኩ የአሜሪካ አሳታሚዎች ነበሩ። የላኩትም ከርኅራኄ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ በለንደን ከመውጣቱ በፊት የታተሙትን ወረቀቶች ከደራሲው ወይም ከአሳታሚው አግኝቶ ከተፎካካሪ ቀድሞ ገበያ መድረስ ትርፍ ስለ ነበረው ነው። እንግዲህ ያን ጊዜም ቢሆን ሥራውን በነጻ መውሰድ ለሚችል ሰው፥ ፍጥነት ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ጕዳያችን የበለጠ ይቀርባል። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በእንግሊዝ አገር ፒያኖ በብዙ ቤት ይገኝ ስለ ነበር፥ የሙዚቃ ኖታ የታተመበት ወረቀት ትልቅ ንግድ ነበር። አዲስ የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴ በመገኘቱ አስመሳዮች የታወቁ ዘፈኖችን ኖታ አባዝተው በመንገድ ላይ በጥቂት ሳንቲም ያስቸረችሩ ጀመር። አሳታሚዎቹም ጮኹ፤ በ1902 ፖሊስ ኖታዎቹን እንዲወርስ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ እርሱ ስላልበቃ በ1906 ቅጣት የሚጥል ሕግ ተጨመረ። ይሁን እንጂ ጄምስ ኮልድዌል የተባሉ የምክር ቤት አባል ሕጉን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ክርክራቸውም፥ ሕጋዊው ዋጋ ከድኻው አቅም በላይ ስለ ሆነ ጥፋቱ የሻጩም ጭምር ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ ቃሉ ሳይለወጥ ተመልሶ መጥቷል።

2. የናፕስተር መነሣት

በ1990ዎቹ ዓመታት የሙዚቃ ኩባንያዎች በሲዲ ሽያጭ በልጽገው ነበር። በአሜሪካ በ1999 የተቀረጸ ሙዚቃ ሽያጭ 14.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። አንድ ሰው አንዲት ዘፈን ቢወድድ እርስዋን ብቻ የሚገዛበት መንገድ ጠባብ ስለ ነበር፥ አሥርና ከዚያ በላይ ዘፈኖች ያሉበትን ሲዲ በ15 ዶላር ወይም ከዚያ በሚበልጥ ዋጋ ይገዛ ነበር። ዋጋውም በነጻ ውድድር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2000 አምስቱን ታላላቅ ኩባንያዎች መርምሮ፥ ሱቆች ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳያስተዋውቁ በማድረጋቸው ገዢዎች በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ 480 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ትርፍ ዋጋ ሳይከፍሉ እንዳልቀሩ ገምቷል። ኩባንያዎቹም ይህን አሠራር ለመተው ተስማሙ።

ናፕስተር የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። በቦስተን የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሾን ፋኒንግ በጁን 1999 ያወጣው ይህ ፕሮግራም፥ አንዱ በኮምፒዩተሩ ያስቀመጠውን የዘፈን ፋይል ሌላው ፈልጎ እንዲያወርደው ያገናኝ ነበር። በዘፈን ፋይሎች ማሳነሻ ዘዴ፥ በኤም ፒ 3፥ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይወርድ ስለ ነበር፥ በዩኒቨርሲቲዎች ፈጣን መስመር በጥቂት ደቂቃ ይደርስ ነበር። በ2001 መጀመሪያ ላይ ተጠቃሚዎቹ ከ26 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ ተገምቷል።

የኩባንያዎቹ ማኅበር በዲሴምበር 1999 ክስ መሠረተ። በ2000 ደግሞ ሜታሊካ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ከሰሰ፤ ዘፈኖቹን ሲለዋወጡ የተገኙ ከ300,000 የሚበልጡ ተጠቃሚዎችን መጠሪያም ዘርዝሮ አቀረበ። በፌብሩዋሪ 2001 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በናፕስተር ላይ ስለ ፈረደ፥ በዚያው ዓመት በጁላይ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ነገር ግን በእርሱ ፋንታ ካዛንና ግሮክስተርን የመሰሉ ሌሎች ተነሡ። እነዚህ መካከለኛ መዝገብ ስላልነበራቸው ለመዝጋት የበለጠ አስቸጋሪ ነበሩ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግሮክስተር ላይ የፈረደውም እስከ ጁን 2005 ከቆየ በኋላ ነው።

3. ቅጣትና ሱቅ

ከ2001 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ኩባንያዎቹ ሁለት መንገድ ሞክረዋል። ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጎ መመልከት ለጥያቄያችን ዋናውን ማስረጃ ይሰጠናል።

የመጀመሪያው መንገድ ቅጣት ነው። በሴፕቴምበር 2003 ማኅበሩ በ261 ግለሰቦች ላይ ክስ መሠረተ። በ2008 መጨረሻ ይህን ዐይነት ክስ ማቆሙን እስካስታወቀ ድረስ ክስ ወይም ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሰዎች ቍጥር ወደ 35,000 ይጠጋል። ብዙዎቹ በጥቂት ሺህ ዶላር ታረቁ። በሚኔሶታ ግን አንዲት ሴት በ24 ዘፈኖች ምክንያት በ2007 222,000 ዶላር ተፈረደባት፤ በ2009 ጕዳዩ እንደገና ሲታይ ፍርዱ ወደ 1.92 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ በ2012 በይግባኝ ወደ መጀመሪያው 222,000 ተመለሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያለ ፈቃድ ማውረድ አልቆመም፤ የሲዲ ሽያጭም መውደቁን ቀጠለ።

ሁለተኛው መንገድ ሕጋዊ ሱቅ መክፈት ነው። በ2001 መጨረሻ ኩባንያዎቹ ፕረስፕሌይና ሙዚክኔት የተባሉ ሁለት አገልግሎቶችን ከፈቱ። ነገር ግን አንደኛው የሁለት፥ ሌላው የሦስት ኩባንያዎችን ዘፈን ስለ ያዘ፥ ሁሉን የሚፈልግ ሰው ለሁለቱም መክፈል ነበረበት። በወር የሚወርደው ዘፈን ቍጥር የተወሰነ ነበር፤ ደንበኛው መክፈሉን ባቆመ ጊዜም ያወረደው ሁሉ አይከፈትለትም። ሕጋዊው ሸቀጥ ከተሰረቀው ይልቅ ጐደሎ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህም አልተሳካም።

ከዚህ በኋላ አፕል በኤፕሪል 28 ቀን 2003 200,000 ዘፈኖች ይዞ፥ አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ዘፈን ተሸጠ። እነዚያን ዘፈኖች በዚያችው ሰዓት በነጻ ማግኘት ይቻል እንደ ነበር አንርሳ። እንግዲህ «ነጻ ነገር እያለ የሚከፍል የለም» የሚለው አባባል በዚህ ሳምንት ብቻ ፈርሷል። ሆኖም የሁለተኛውም ወገን ደስታ ሙሉ ሊሆን አይችልም። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በኦክቶበር 2007 አዲሱን አልበሙን፥ «የፈቀዳችሁትን ክፈሉ» ብሎ በኢንተርኔት ሲያቀርብ፥ አንድ የጥናት ድርጅት ከአውራጆቹ ከ10 ወደ 6 የሚጠጉት ምንም እንዳልከፈሉ ገምቷል። ቡድኑ ይህን ግምት አልተቀበለውም። ነገር ግን ያው አልበም በሲዲ ታትሞ ሱቅ ሲገባ በጃንዋሪ 2008 በእንግሊዝና በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ስለዚህ በነጻ የሚወስደው ሕዝብና የሚገዛው ሕዝብ ሁልጊዜ ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች አይደሉም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሽያጩ መውደቅ ሁሉ በማውረድ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በ15 ዶላር ሲዲ ይገዛ የነበረው ሰው የወደዳትን አንዲት ዘፈን በ99 ሳንቲም ሲገዛ፥ ሕግ አክብሮም ቢሆን የኩባንያውን ገቢ ይቀንሳል። ሊቃውንቱም በዚህ አልተስማሙም። ኦበርሆልዘርጊና ስትራምፍ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ማውረድ በሽያጭ ላይ ያደረሰው ጕዳት ከዜሮ እምብዛም አይለይም ሲሉ፥ ሊቦዊትዝን የመሰሉ ሌሎች የኢኮኖሚ ምሁራን አጥብቀው ተቃውመዋቸዋል።

4. የስዊድን ምስክርነት

ሁለቱ መንገዶች በአንድ አገር የተገናኙበት ታሪክ በስዊድን ይገኛል። ፓይሬት ቤይ የተባለው የታወቀ ድረ ገጽ በ2003 በዚያ ተመሠረተ። በኤፕሪል 2009 አራት ሰዎች በአንድ ዓመት እስራትና በ30 ሚሊዮን ክሮነር ካሳ ተቀጡ፤ በ2010 በይግባኝ እስራቱ ሲያጥር ካሳው ወደ 46 ሚሊዮን ከፍ አለ። በዚያው በኤፕሪል 2009 የመብት ባለቤቶች በፍርድ ቤት በኩል የአውራጁን ማንነት እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ ይህን እንዴት እንደ ተቀበለው ከሁለት ወር በኋላ ታየ፤ የባሕር ወንበዴዎች ፓርቲ የተባለው በአውሮፓ ምክር ቤት ምርጫ ከስዊድን ድምፅ 7.1 በመቶ አገኘ። ድረ ገጹም አልጠፋም።

ነገር ግን በዚያው አገር ዳንኤል ኤክና ማርቲን ሎረንትሰን በ2006 የመሠረቱት ስፖቲፋይ በኦክቶበር 2008 ተከፍቶ ነበር። የሥራው ሐሳብ ቀላል ነው። አድማጩ ዘፈኑን አይገዛም፥ አያወርድምም፤ ማስታወቂያ እየሰማ በነጻ፥ ወይም በየወሩ እየከፈለ ያለ ማስታወቂያ የፈለገውን ያደምጣል። ይህም ካለ ፈቃድ ከማውረድ ይልቅ ፈጣንና ምቹ ሆነ። ስዊድንም የሙዚቃ ገቢያቸው አስቀድሞ ካንሰራራው አገሮች አንዷ ሆነች። በ2024 መጨረሻ ስፖቲፋይ ከ260 ሚሊዮን በላይ የሚከፍሉ ደንበኞች ነበሩት። ትናንት በነጻ ሲያወርድ የነበረው ትውልድ በፈቃዱ ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

የትኛው መንገድ ለውጡን አመጣው? ቅጣቱ ወይስ ምቾቱ? እኛ እንደሚመስለን ቅጣቱ ብቻውን ባዶ ቦታ ይፈጥራል እንጂ ቦታውን አይሞላም። ይሁን እንጂ ናፕስተር ዝም ተብሎ ቢሆን ኖሮ፥ አፕልም ስፖቲፋይም ከኩባንያዎቹ ጋር ተዋውለው ዋጋ የሚከፍሉበት ምክንያት ባልኖረ ነበር። ሕጉ ባለቤቱን ያስከብራል፤ ገዢውን የሚያመጣው ግን ሱቁ ነው።

5. ገንዘቡ ወዴት ሄደ?

የአሜሪካ የተቀረጸ ሙዚቃ ገቢ በ2014ና በ2015 ከ7 ቢሊዮን ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2023 ወደ 17.1 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ከዚህም 84 በመቶ ያህሉ ከመስመር ላይ ማድመጥ የተገኘ ነው። ይህን አይተው ችግሩ ተፈታ የሚሉ አሉ። እኛ ግን ሁለት ነገር እናክላለን።

በመጀመሪያ፥ የ1999ኙ 14.6 ቢሊዮን ዶላር በ2023 የመግዛት ኃይል ሲመነዘር ከ26 ቢሊዮን ይበልጣል። ስለዚህ ንግዱ ከወደቀበት ተነሣ እንጂ ወደ ቀድሞው ከፍታ አልደረሰም። ሁለተኛውና የበለጠው ነገር፥ የአድማጩ መክፈልና የሙዚቀኛው መብላት አንድ አለመሆናቸው ነው። ስፖቲፋይ ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለመብት ባለቤቶች እንደሚከፍል ይናገራል። ባለመብቱ ግን ብዙ ጊዜ ኩባንያው ነው፤ ለዘፋኙ የሚደርሰው በውሉ መጠን ነው። ቴይለር ስዊፍት በኖቬምበር 2014 ዘፈኖችዋን ከስፖቲፋይ አውጥታ እስከ ጁን 2017 ሳትመልስ የቈየችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቅጂ ክፍያው ድርሻ እንዳያገኝ ተወስኗል። ታላቅ ስም ያላት ዘፋኝ መደራደር ትችላለች፤ ስም የሌለው ጀማሪ ግን ምን ያደርጋል?

6. ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፥ አቶ አምሐ እሸቴ በ1969 በድፍረት የራሳቸውን ሸክላ በውጭ አገር አሳትመው መሸጥ ጀመሩ። ሸክላን ለማባዛት ፋብሪካ ያስፈልጋል። በኋላ ካሴት ሲመጣ ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ አባዢ ለመሆን ቻለ። ሕጉን በተመለከተ፥ በ1952 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይናገራል። ከዚያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጣ፤ በዐዋጅ ቍጥር 872/2007ም ተሻሻለ። እንግዲህ ሕግ የለም ሊባል አይችልም።

የጐደለው ለብዙ ዘመን ሱቁ ነበር። ሲዲ አባዢው በየመንገዱ ሲገኝ፥ ሕጋዊውን ሥራ በቀላሉ የሚያገኙበት ቦታ ጥቂት ነበር። በውጭ ምንዛሪ ቍጥጥር ምክንያትም በአገራችን ባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ከውጭ የኢንተርኔት ሱቅ ለመግዛት ለብዙ ዓመታት ተቸግሮ ኖሯል። ስለዚህ ኤልያስ መልካና ጓደኞቻቸው በ2019 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲከፍቱ፥ ያደረጉት ነገር የንግድ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የአገራችን አድማጭ በእጁ ባለው ስልክ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለውን ጥያቄ መፈተናቸው ነበር። በ2021 ቴሌብር ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በስልክ መክፈል ለብዙ ሰው የተለመደ ነገር ሆኗል። በዚህ መካከል ብዙ ሙዚቀኞች ሥራቸውን በዩቲዩብ በነጻ ይለቃሉ፤ በዚያም የሚያገኙት ገቢ ከማስታወቂያ ስለ ሆነ፥ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው ወገናችን ማድመጡ ትልቅ ድጋፍ ሆኗቸዋል።

ጕዳዩ በሙዚቃ አያበቃም። በየዩኒቨርሲቲያችን ደጃፍ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጀምሮ ተማሪ ለተማሪ በስልክ እስከሚልከው የመጽሐፍ ፋይል ድረስ፥ ትምህርታችን በቅጂ ላይ የቆመ ነው። ከውጭ የሚመጣ አንድ የትምህርት መጽሐፍ ከተማሪ አቅም በላይ ሲሆን፥ ተማሪውን ሌባ ብሎ ማለፍ ጄምስ ኮልድዌል ያነሡትን ክርክር ሳይመልሱ መዝለል ነው። ነገር ግን በአገራችን ደራሲ ተጽፎ፥ በየመጻሕፍት ቤቱ በአማርኛ ተሽጦ፥ ዋጋውም የአንድ ምሳ ወይም የሁለት ምሳ ሲሆን፥ ያንኑ መጽሐፍ በካሜራ አንሥቶ ማሰራጨት በዚያው ክርክር አይሸፈንም። ያ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ ሳይጽፍ ቢቀር የምንጐዳው እኛው ነን።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፥ ሰው በነጻ ማግኘት የሚችለውን ነገር እንኳ ይከፍልበታል፤ የሚከፍለው ግን ሕጋዊው ነገር ሲገኝ፥ ሲመችና ከአቅሙ ሲመጣጠን ነው። ሁለተኛ፥ ቅጣት ብቻውን ከፋይ አላፈራም፤ ሆኖም ሕግ በሌለበት ሱቁም አይከፈትም። ሦስተኛ፥ አድማጩ ስለ ከፈለ ብቻ ጥበበኛው ጠገበ ማለት አይደለም፤ ከክፍያው በኋላ የክፍፍሉ ጥያቄ ይከተላል።

ስለዚህ ወደ ፊት በዚህ ጕዳይ የሚከራከር ሰው «ሕዝባችን አይከፍልም» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል። ሥራው በገበያ አለን? ገዢው የሚከፍልበት መንገድ አለውን? ዋጋውስ ይቻላልን? የሦስቱም መልስ አዎን ከሆነ፥ ከዚያ ወዲህ የሚቀረው የገዢው ኅሊና ነው፤ በዚያም ላይ ምክንያት መደርደር ከንቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ግን ወቀሳው ለሻጩና ለሕግ አውጪውም ይደርሳል። ከእኛ መካከል ነገ ደራሲ፥ ሙዚቀኛ ወይም ተመራማሪ የሚሆነው ሰው ይህን ጥያቄ ዛሬ አንባቢ ሆኖ፥ ነገ ደግሞ ሻጭ ሆኖ ይመልሰዋል። በአገራችን የተደረጉት ሙከራዎች፥ በተለይም በስልክ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች፥ ገና በሚገባ አልተመረመሩምና ከትምህርት ጓደኞቻችን አንዱ ይህን ቢቀጥልበት ደስታችን ነው።